«የፈረንጅ በሽታ» አይደል እንዴ ላልሽው

እህቴ፣ «ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው፣ አልሰራቲቭ ኮላይተስ ነው አሉት፤ ይሄ የፈረንጅ በሽታ አይደል እንዴ? ተሳስተው ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም ከ6 ዓመት በፊት ዶክተሬን ይህንኑ ነው የጠየቅኩት። የኔ ክሮንስ ነው። ሁለቱ ዘመዳም የሆኑ፣ የሚቆዩ የአንጀት ሕመሞች ናቸው። የሱ ትልቁን አንጀት ብቻ ያቆስላል፣ የኔው ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊወጣ ይችላል።

እዚህ ሐዋሳ ሆዴን ያለ ሰው ሁሉ አሜባ ነው። ጓደኞቼማ አሞራ ገደል፣ የሐይቁ ዓሣ ገበያ፣ የበላሁት ጥሬ ዓሣ ላይ ፈረዱ። የአሜባውን መድኃኒት ሜትሮኒዳዞልን ስንት ዙር እንደዋጥኩ አላውቅም፣ አፌ ውስጥ የሚቀረው የብረት ጣዕም ግን ዛሬም ትዝ ይለኛል። ከዚያ ታይፎይድ ተባለ። ደም ሲመጣ ደግሞ ኪንታሮት። ከ68 ኪሎ 51 ስገባ ሰፈር ውስጥ ምን እንደተወራ አንቺው ገምቺው። ከፒያሳ እስከ ሐይቁ ድረስ የትኛው ካፌ ሳያዙ ሽንት ቤት እንደሚያስገባ በቃሌ አውቅ ነበር። አንዴ ባጃጅ አስቁሜ... ይቅር፣ ይሄስ አይጻፍም።

መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ሄጄ ኮሎኖስኮፒ (በፊንጢጣ በሚገባ ካሜራ ትልቁን አንጀት የሚያዩበት) ታየሁ። መጀመሪያ የተጠረጠረው የአንጀት ቲቢ ነበር። ያኔ ተናድጄ ነበር፣ አሁን ግን ልክ እንደነበሩ ገብቶኛል። ቲቢና ክሮንስ በካሜራም ከአንጀት በሚቆረጥ ናሙናም ሲታዩ በጣም ይመሳሰላሉ፣ አገራችን ውስጥ ደግሞ ቲቢ ሞልቷል፣ ለክሮንስ የሚሰጡት መድኃኒቶች የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክሙ ቲቢ ያለበት ሰው ቢወስዳቸው ጉድ ነው የሚፈላው። የቲቢውን ለወራት ዋጥኩ። ጠብ ያለልኝ ነገር የለም። ክሮንስ ነው የተባለው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። «የፈረንጅ» የሚለው ስም ዝም ብሎ አልወጣም። ኮላይተስን በ1859 የገለጸው ለንደን ያለ ሐኪም ነው፣ ክሮንስን ደግሞ በ1932 የኒውዮርኩ ቡሪል ክሮንና ሁለት ባልደረቦቹ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ዛሬም ሰሜን አሜሪካና ብዙ የአውሮፓ አገሮች ውስጥ ከ1,000 ሰው ከ3 በላይ የሚሆነው ከሁለቱ አንዱ አለበት። ግን እዚያ አዲስ የሚያዘው ሰው ቁጥር ረጋ ብሏል። አሁን የሚሮጠው እስያና ደቡብ አሜሪካ ነው፣ ከተሜነትና ፋብሪካ በገባበት ሁሉ። በ1990 በዓለም ላይ 3.7 ሚሊዮን ገደማ የነበረው ሕመምተኛ በ2017 ወደ 6.8 ሚሊዮን ደርሷል። የሕዝቡ መብዛትም አለበት በእርግጥ።

እኔን ያስገረመኝ የስደተኞቹ ነገር ነው። ከደቡብ እስያ ካናዳ የገቡ ሰዎች ብዙም አይያዙም፣ እዚያ የወለዷቸው ልጆች ግን ከአገሬው ልጆች እምብዛም አይለዩም። እስራኤል የሄዱት የኛዎቹም ሲደርሱ ብዙም አልነበረባቸውም፣ ዓመታት ኖረው ነው መታየት የጀመረው። ዘር ድርሻ አለው፣ ግን የአንድ ሕዝብ ዘር በአንድ ትውልድ አይቀየርም። የሚቀየረው ኑሮው ነው። በልጅነት የሚወሰድ አንቲባዮቲክ፣ የፋብሪካ ምግብ፣ አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች መለወጥ፣ እነዚህ ናቸው የሚጠረጠሩት። ሲጋራ ደግሞ ጉደኛ ነው። ክሮንስን ያባብሳል፣ ኮላይተስ ግን አጫሾች ላይ ያንሳል፣ እንዲያውም ማጨስ ካቆሙ በኋላ የሚጀምራቸው አሉ። ወንድምሽ ይህቺን እንዳያነባት!

እኛ ጋ ብርቅ የመሰለው አንዱ ምክንያት ኮሎኖስኮፒው ራሱ ብርቅ ስለሆነ ነው። ሰገራ ብቻ እያዩ ክሮንስ አይገኝም። ዕድሜውም አያስገርምሽ፣ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ15 እስከ 35 ባለው ነው።

እስቲ ንገሪኝ፣ ናሙና ተወስዶለታል? አሜባና ቲቢ እንዳልሆነስ ተረጋግጧል? ውጤቱን ፎቶ አንስታችሁ ያዙት፣ የኔ የመጀመሪያው ወረቀት ጠፍቶ እንደገና ጾሜን ውዬ ያንን የሚያስቀምጥ መድኃኒት ጠጥቻለሁ። የመድኃኒቱን ዋጋ እዚህ ማውራት ካልፈለግሽ ኢንቦክስ ነይ።