ፖለቲካ ለምትመኙ ወጣት ጠበቆች

የሕግ ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ ዓይናችሁ ፖለቲካ ላይ ያረፈ ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ልታማክሩኝ ስትመጡ የምትጠይቁኝ የትኛው ፓርቲ እንደሚያዋጣ ነው። እኔ ግን የምጠይቃችሁ ስለ መዝገቦቻችሁ ነው። ማን ጉዳዩን አምኖ ሰጣችሁ? "ይቺ ደግሞ ጉዳይ ሆና ነው?" ብላችሁ የመለሳችሁትስ ማንን ነው?

አብርሃም ሊንከንን እንውሰድ። ፕሬዚዳንትነቱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዚያ በፊት ግን ወደ 25 ዓመት ገደማ ጠበቃ ነበር። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው።) ትምህርት ቤት የቆየበት ጊዜ ተደምሮ ዓመት አይሞላም። ሕጉን ለብቻው አነበበ፣ ፈቃዱን በ1836 አገኘ። በ1837 ስፕሪንግፊልድ የምትባል ትንሽ የኢሊኖይ ከተማ ገብቶ ሥራ ጀመረ። ያኔ የግዛቲቱ ምክር ቤት አባልም ነበር፤ እንጀራው ግን ጥብቅና ሆነ።

በዓመት ሁለት ጊዜ ዳኛውና ጠበቆቹ ተያይዘው ከአውራጃ አውራጃ ይዞሩ ነበር። ተዘዋዋሪ ችሎት ነው። መንገዱ ጭቃ፣ ጉዳዩ የዕዳ፣ የመሬት፣ የስም ማጥፋት። ሊንከን ይህን ዙር ይወደው ነበር። ጠዋት ከተፋጠጠው ጠበቃ ጋር ከሰዓት በኋላ በሌላ መዝገብ አብሮ ይቆማል። ማታ አንድ ማረፊያ ያድራሉ፤ አልጋ ሲጠፋ አልጋም ይጋራሉ። የዚያ ችሎት ዳኛ ዴቪድ ዴቪስ ነው በ1860 ቺካጎ ላይ ሊንከን የፓርቲው ዕጩ እንዲሆን ሰው ለሰው እየዞረ ያግባባለት። እናንተ ኔትወርኪንግ የምትሉት ይህ ነው፤ ልዩነቱ ማንም ለዚያ ብሎ አለመሰብሰቡ ነው።

የተናቀበትንም ጊዜ ተመልከቱ። በ1855 ሲንሲናቲ ላይ፣ በአንድ የእህል ማጨጃ ማሽን የፈጠራ መብት ክርክር፣ ከስመ ጥር ጠበቆች ጋር ተቀጥሮ ነበር። ከነሱ አንዱ ኤድዊን ስታንተን ከቁብም አልቆጠረው። ያዘጋጀውን ክርክር ያየለት የለም፤ አንዲት ቃል ሳይናገር ጉዳዩ አለቀ። ሌላው ቢሆን ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይሄድ ነበር። እሱ ግን ቁጭ ብሎ፣ የተማሩት ጠበቆች እንዴት እንደሚከራከሩ አዳመጠ። በ1862፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ተፋፍሞ ሳለ፣ የጦር ሚኒስትር አድርጎ የሾመው ያንኑ ስታንተንን ነው። ቂም ለመያዝ በቂ ምክንያት ነበረው፤ የፈለገው ግን ሥራውን የሚችል ሰው ነበር። እኔ ይህን ከንግግሮቹ ሁሉ አስበልጬ ነው የማየው።

ሁሉንም ግን አትቅዱ። በ1847 ሮበርት ማትሰን የተባለ ባሪያ አሳዳሪ አንዲት እናትና ልጆቿ ይመለሱልኝ ብሎ ሲከራከር፣ ሊንከን ጠበቃው ሆኖ ቆመ። ተሸነፈ፤ እናትየውም ልጆቿም ነጻ ወጡ። "ጠበቃ ደንበኛ አይመርጥም" የሚል መከላከያ አለ። እኔን አሳምኖኝ አያውቅም። ታሪኩን የሚጽፉ ሰዎች ዛሬም ያነሱበታል።

የእናንተም መዝገብ እንዲሁ ነው። ለምርጫ የቆማችሁ ዕለት ተቀናቃኛችሁ መዝገብ ቤት ገብቶ ያገላብጣል። በወንጀል ለተከሰሰ ሰው መቆም ሌላ ነገር ነው፤ ማንም ቢሆን ከዚያ አትሽሹ። ሰው ለመበደል የሚፈልጋችሁ ባለጉዳይ ሲመጣ ግን፣ ክፍያው ቢያጓጓም፣ ውክልናውን ሳትቀበሉ በሩ ላይ መልሱት።