የኤሌክትሪክ ሳይክል ሶፍትዌር፦ ቤት ይጫን ወይስ ወኪል ጋ? ጥያቄና መልስ

በእንጦጦ፣ በሱሉልታና በለገጣፎ በኩል አብረን ከምንነዳው መካከል የኤሌክትሪክ ማውንቴን ባይክ የያዘው ሰው እየበዛ ሲሄድ፣ የጎማና የፍሬን ጥያቄ ቀርቶ የአፕ ጥያቄ መጣ። አብዛኛው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ «አፕዴቱን ራሴ ልጫን ወይስ ወኪል (አምራቹ ፈቃድ የሰጠው ሻጭና ጠጋኝ) ይጫነው?» የሚል ነው። የደረሱኝን እዚህ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ ወኪል ጋ የሚጫነውና ቤት የሚጫነው ልዩነቱ ምንድን ነው? ወኪሉ የተሻለ ሶፍትዌር አለው እንዴ?

የለውም። ለአንድ ሞተር የሚወጣው ሶፍትዌር አንድ ነው። ልዩነቱ አምራቹ ለባለቤቱ በሩን ከፍቶለታል ወይስ ዘግቶበታል የሚለው ላይ ነው።

ከሞተር አምራቾቹ ቦሽን እንውሰድ። በ2021 «ስማርት ሲስተም» ያለውን ሲያወጣ ፍሎው የሚባል አፕ አብሮ አመጣ። ሞተሩም፣ ባትሪውም፣ ስክሪኑም ከስልክህ በብሉቱዝ ይታደሳሉ። ከዚያ በፊት የነበረው የቦሽ ሲስተም ግን የሞተሩን ሶፍትዌር የሚቀበለው ከወኪሉ ኮምፒዩተር፣ በኬብል ነው። አንተ ጎበዝ የኮምፒዩተር ሰው ብትሆንም ያው ነው፤ ፕሮግራሙ የሚሰጠው ለወኪል ነው። ሺማኖ ደግሞ ኢ-ቲዩብ ፕሮጀክት በሚለው አፕ ባለቤቱ ራሱ እንዲጭን ይፈቅዳል፤ ስክሪኑ ብሉቱዝ ያለው ይሁን እንጂ። ያማሃና ብሮዜ በአብዛኛው የወኪል ሥራ ናቸው።

ስለዚህ «ቤት ይሻላል ወይስ ወኪል?» ብሎ መምረጥ ብዙ ጊዜ በእጃችን የለም። ምርጫው ያለቀው ሳይክሉን የገዛን ቀን ነው።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ የኔ ከጀርመን የመጣ የ2019 ቦሽ ነው። አንድም ቀን አፕዴት ተደርጎ አያውቅም። በደንብ ይሄዳል። ልጨነቅ?

አትጨነቅ። በደንብ የሚሄድ ሞተር አፕዴት ስላልተደረገ አይበላሽም። የአንተ ሲስተም የወኪል ኮምፒዩተር የሚያስፈልገው ዕቃ ሲቀየር ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ብልሽት ሲመጣ ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከተለወጠ አዲሱ ሞተር የጎማው ዙሪያ ልኬትና ሌላውም ነገር በኮምፒዩተር ይነገረዋል፤ ያኔ ወኪል ግድ ነው። እስከዚያው ካቴናህን ቅባ፣ ንዳ።

ጥያቄ (ከሰንዳፋ)፦ ዱባይ ወንድሜ አለ። ሳይክሌን ልላክለትና እዚያ ወኪል ጋ አፕዴት አስደርጎ ይመልስልኝ?

ብዙዎች ያሰቡት ነገር ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ችግሩ ባትሪው ነው። በመንገደኛ አውሮፕላን ይዘኸው ልትገባ የምትችለው የሊቲየም ባትሪ እስከ 100 ዋት አወር (የባትሪ አቅም መለኪያ) ነው፤ በአየር መንገዱ ፈቃድ ደግሞ እስከ 160። የኛ ሳይክሎች ባትሪ ከ400 ይጀምርና 750ም አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ በሻንጣ ብሎ ነገር የለም፤ የሚሄደው እንደ አደገኛ ዕቃ ተመዝግቦ፣ በሕጉ ታሽጎ በካርጎ ነው። ወጪው ከአፕዴቱ ጥቅም ጋር አይመጣጠንም።

«ባትሪውን አስቀርቼ ሳይክሉን ብቻ ብልክስ?» ላልከው፦ ወኪሉ ሞተሩን ከኮምፒዩተሩ ጋር ሲያገናኝ ኃይል የሚሰጠው ባትሪው ነው። እዚያ ያለው ወኪል የራሱን ተመሳሳይ ባትሪ ካልሰካልህ ሳይክሉ ለጉብኝት ሄዶ ይመለሳል። ወንድምህ አስቀድሞ ይሄን ጠይቆ እሺ ካሉት ብቻ ላክ። ለአፕዴት ብቻ ከሆነ ግን ተወው። ለከባድ ብልሽት ከሆነ ይገባኛል።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ ጋሼ፣ ሺማኖ ነው ያለኝ። አፕዴት ስጀምር መሐል ላይ ቆመብኝ፣ አፕ «አልተሳካም» አለኝ። አሁን ፔዳሉን ስመታ ሞተሩ አይረዳም። ገደልኩት?

አልገደልሽውም እህቴ። በሺማኖ ሞተሩ፣ ባትሪው፣ ስክሪኑ፣ የማርሽ መቀየሪያው እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሶፍትዌር አላቸው፤ አፑ የሚጭነው አንድ በአንድ ነው። መሐል ላይ ሲቋረጥ የሚጎዳው ተራው ደርሶ የነበረው ክፍል ነው።

በመጀመሪያ አፑን ሙሉ በሙሉ ዝጊው። ሳይክሉን ከባትሪው ቁልፍ አጥፊና ትንሽ ቆይተሽ አብሪው። ከዚህ በፊት የተገናኘ ሌላ ስልክ ወይም የሳይክል ኮምፒዩተር አጠገብሽ ካለ ብሉቱዙን አጥፊ፤ ብዙ ጊዜ ግንኙነቱን የሚቀማው እሱ ነው። ከዚያ እንደገና አገናኚ። አፑ የተበላሸውን ክፍል ካገኘው ሶፍትዌሩን መልሶ የመጫን ምርጫ ያወጣል። እሱን ተጫኚና ስልኩን ሳይክሉ ላይ አስቀምጪው፤ ይዘሽው ወደ ሳሎን አትግቢ፣ ቴሌግራምም አትክፈቺ። ስልኩ ባትሪ ቆጣቢ ላይ ከሆነ አውጪው፤ አፑን ከጀርባ ሆኖ የሚያንቀው እሱ ነው።

ይሄን ሁሉ አድርገሽ አፑ ሞተሩን ጨርሶ ካላየው የሚቀረው መንገድ ዊንዶውስ ላይ የሚሠራው ፕሮግራምና በኬብል የሚያገናኘው የሺማኖ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ያለው ሜካኒክ ካገኘሽ ወስደሽ አሳዪው። የሌለው ሰው ግን «ሞተሩን ልፍታልሽ» ቢል እንዳትሰሚው። የሶፍትዌር ችግር በመፍቻ አይወጣም፤ ይልቅ ውኃ የሚከላከለውን ማሸጊያ ያበላሽብሻል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ እውነተኛ ብልሽት ይመጣል።

ጥያቄ (ከየካ አባዶ)፦ አፕዴት እያደረግኩ መብራት ቢጠፋስ?

ምንም አይሆንም። ሥራውን የሚሠሩት የሳይክሉ ባትሪና የስልክህ ባትሪ ናቸው እንጂ ሶኬቱ አይደለም። ዋይፋዩ አብሮ ቢጠፋም ፋይሉ አስቀድሞ ስልክህ ላይ ወርዶ ከሆነ መጫኑ ይቀጥላል። ሁለቱም ባትሪዎች ከግማሽ በላይ ይሁኑ። ደግሞ ጠዋት ልትወጣ ማታ አትጫን፤ ነገሩ ቢበላሽ ለማስተካከል ሁለት ነፃ ቀን ያለህ ጊዜ አድርገው።

ጥያቄ (ከሽሮ ሜዳ)፦ የቦሽ ፐርፎርማንስ ላይን ሲኤክስ አዲሱ ሞተር በአፕ ብቻ ጉልበቱ ጨመረ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? የእንጦጦን ዳገት ይቀይረዋል?

እውነት ነው። በ2025 የወጣው አፕዴት ለአምስተኛው ትውልድ ሲኤክስ ከፍተኛውን ጉልበት ከ85 ወደ 100 ኒውተን ሜትር፣ ኃይሉን ከ600 ወደ 750 ዋት አሳድጎታል። አንድም ብሎን ሳይፈታ፣ ከፍሎው አፕ። ሞተሩ ቀድሞም ይችል ነበር ማለት ነው፤ ልጓሙ ሶፍትዌር ነበር። አራተኛው ትውልድ ያላችሁ አትጠብቁት፣ ለእናንተ አይደለም።

ዳገቱን ይቀይረዋል ወይ? በጣም ጠባብና ድንጋያማ በሆነው ቦታ ላይ ይሰማሃል። በረጅሙ አስፋልት ላይ ግን ያን ያህል አይደለም፤ ባትሪህን ደግሞ ይበላል። ሒሳቡን እየው፦ 600 ዋት አወር ያለውን ባትሪ ሳታቋርጥ 750 ዋት ብታስጎትተው ሃምሳ ደቂቃ አይሞላም። ከሽሮ ሜዳ ተነስተህ ላይ ደርሰህ፣ ወደ ሱሉልታ ዞረህ መመለስ ከፈለግህ ከፍተኛውን ለዳገቱ ጥግ ብቻ ተጠቀምበት። አፑ ውስጥ የእያንዳንዱን ደረጃ ጉልበት ዝቅ ማድረግ ትችላለህ፤ እኔ ብሆን አፕዴቱን ጭኜ ከዚያ ዝቅ አደርገዋለሁ።

በነገራችን ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው የእንጦጦ ከፍታ ምንም አይለውም። የቤንዚን ሞተር ግን በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። የሚያለከልከው አንተ ብቻ ነህ ማለት ነው።

ጥያቄ (ከኮተቤ)፦ ሞተሩን በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ የሚያቆመውን ገደብ የሚያነሳ ዕቃ የሚሸጥ ልጅ አለ። ላስገጥም?

25 የአውሮፓ ሕግ ያስቀመጠው ገደብ ነው፤ ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ የኤሌክትሪክ ሳይክል አብዛኛው ይዞት ይመጣል። ዕቃው የሚሠራው ለሞተሩ የውሸት ፍጥነት በመንገር ነው። አዳዲሶቹ ቦሾች ይሄን ይነቁበታል፤ ኃይላቸውን ይቀንሳሉ፣ ደጋግሞ ከሆነ ደግሞ ወኪል ካልከፈተው አይነሱም። ወኪሉ ደግሞ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ታውቃለህ። ከኮተቤ ወደ ታች ስትወርድ ያለ ሞተርም 25ን ታልፋለህ።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ ልጄ ያገለገለ ሳይክል ከአውሮፓ ላከልኝ። ስማርት ሲስተም ነው። ይበራል፣ ሞተሩ ግን አይረዳም። ሶፍትዌሩ አርጅቶ ይሆን?

አባቴ፣ የእርስዎ ነገር የአፕዴት አይመስለኝም፤ ተቆልፎ ይሆናል። ፍሎው አፕ ውስጥ የሳይክሉን ሞተር ከአንድ ሰው አካውንት ጋር የሚያስር ቁልፍ አለ። የቀድሞው ባለቤት ቁልፉን ሳያነሳ ከሸጠው ሞተሩ የሱን ስልክ ይጠብቃል። ልጅዎ ሻጩን ያግኘው። ሻጩ የራሱን አካውንት እርስዎ ስልክ ላይ ለጊዜው ቢያስገባልዎት፣ ሳይክሉ አጠገብዎ እያለ ቁልፉን አጥፍቶ ሳይክሉን ከስሙ መሰረዝ ይቻላል። ከዚያ በራስዎ አካውንት ይመዝግቡት። ሻጩ ካልተገኘ ግን የተሰረቀ ሊሆን ስለሚችል የግዢ ደረሰኙን ልጅዎ ይፈልገው፤ ያለሱ ወኪልም አይረዳም።

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ)፦ ልገዛ ነው። ሻጩን ምን ልጠይቀው?

ይሄ ከሁሉ የሚበልጥ ጥያቄ ነው፤ ወኪል ሩቅ በሆነበት አገር ከሞተሩ ጉልበት በፊት የሚጠየቅ። ስልክህን ይዘህ ሂድ። አፑን እዚያው አውርድና ከሳይክሉ ጋር አገናኝ። ካልተገናኘ አሮጌው ሲስተም ወይም የሌላ ሰው ቁልፍ ያለበት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ዋጋ ያስቀንሳሉ። ቦሽ ከሆነ የአሮጌውና የአዲሱ ሲስተም ባትሪና ቻርጀር እንደማይለዋወጡ አስታውስ፤ «ትርፍ ባትሪ አለው» ሲልህ እዚያው ሰክተህ አብራው።

እኔ ለእንጦጦና ለሱሉልታ ብገዛ ትንሽ ጉልበቱ ያነሰ፣ ግን በስልክ የሚታደስ ሞተር እመርጣለሁ። የወኪል ኮምፒዩተር ብቻ የሚያናግረው ምርጥ ሞተር ቪየና ላለ ሰው ጥሩ ነው።

ጥያቄ (ከአራብሳ)፦ የኔ ባፋንግ ነው። አፕም የለውም።

ባፋንግ ሁለት ዓይነት ግንኙነት አለው። ዩአርት የሚባለው አሮጌው በርካሽ የዩኤስቢ ኬብልና በላፕቶፕ ሴቲንጉ ይቀየራል፤ ካን የሚባለው አዲሱ ቤስት የሚባል የወኪል መሣሪያ ይፈልጋል። ዩአርት ከሆነ ከመንካትህ በፊት የነበሩትን ቁጥሮች በሙሉ ፎቶ አንሳ። ያለበለዚያ መመለሻ የለህም።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ አፕዴቱ ተሳካ፣ ከዚያ ግን ሺማኖው W013 የሚል ጻፈብኝ።

ስታበራው እግርሽ ፔዳሉ ላይ ነበር። ሲነሳ የእግርን ግፊት የሚለካው ሴንሰር ከዜሮ መጀመር አለበት። አጥፊው፣ እግርሽን አውርጂ፣ አብሪው። W011 ከሆነ ግን የፍጥነት ሴንሰሩ ነው፤ የኋላ ጎማው ላይ ያለችው ማግኔት ዞራ ወይም ጭቃ ይዟት ይሆናል። በአሮጌው ቦሽ ተመሳሳዩ 503 ነው።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ ከአፕዴቱ በኋላ ስክሪኑ «የቀረው ርቀት» የሚለው ቀነሰብኝ። ባትሪውን ጎዳው?

ያ ቁጥር ግምት ነው፤ በቅርቡ እንዴት እንደነዳህ እያየ የሚሰላ። አንዳንድ አፕዴት የተጠራቀመውን መረጃ ስለሚያጠፋው እንደ አዲስ ይማራል። ጥቂት ጊዜ እንደ ልማድህ ንዳው። ከዚያም በተለመደው መንገድህ ላይ ባትሪው ቀድሞ ከሚያልቅበት ቦታ በፊት ካለቀ ያኔ ተመለስና እንየው።