«ዳግም ደረጃ» ሲባል ታማሚው ምን ይሰማል?

ጥያቄ፦ አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ። የሳንባ ካንሰር ያለባቸው አንድ አዛውንት ኬሞና ጨረር እንደጨረሱ ሐኪሙ «ሬስቴጂንግ»፣ ማለትም ካንሰሩ ከሕክምና በኋላ ምን ላይ እንዳለ እንደገና የሚታይበትን ምርመራ፣ አዘዘላቸው። «ዳግም ደረጃ ሊወጣልዎት ነው» ብዬ ተረጎምኩ። እሳቸው ግን «ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ?» ብለው ደነገጡ። ምን ልበል?

መልስ፦ አዛውንቱ በትክክል ሰምተዋል። «ዳግም» ከስም ፊት ሲቆም ሁለተኛነትን ይዞ ይመጣል፤ ዳግም ምጽአት ሁለተኛው መምጣት ነው፣ ዳግማዊ ምኒልክም ሁለተኛው ምኒልክ። የካንሰር ደረጃ ከ1 እስከ 4 ስለሚቆጠር «ዳግም ደረጃ» «ደረጃ 2» መስሎ ቢሰማ ምን ይገርማል? «እንደገና» ግን ግሡን ተጠግቶ ስለሚሄድ የሚደገመው ምርመራው መሆኑ ይታወቃል። ስያሜ ካስፈለገ «ደረጃውን እንደገና መለየት» ይበሉ። ለታማሚ ግን ሥራውን ራሱን መንገር ይሻላል፦ «አባባ፣ ሕክምናው በሽታውን ምን ያህል እንደቀነሰው፣ አሁንም የት የት እንዳለ እንደገና ሊታይ ነው።»

የምርመራዎቹም ቋንቋ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሲቲ ስካን መጠን ይለካል፤ ፔት ስካን ስኳር አብዝቶ የሚወስደውን ቦታ አብርቶ ያሳያል። ጨረር ያስቆጣው የሳንባ ክፍልም ሊበራ ስለሚችል ሐኪሙ «እዚህ ጋ በርቷል» ሲል «ካንሰር አለ» ብለው እንዳይተረጉሙ አደራ። ቀዶ ሕክምና የሚታሰብ ከሆነም ሐኪሞች ብዙ ጊዜ በምስሉ ብቻ አይወስኑም፤ በአየር ቧንቧ በኩል በገባ መሣሪያ፣ በአልትራሳውንድ እየተመሩ፣ ደረት መካከል ካሉት የሊምፍ ዕጢዎች በመርፌ ናሙና ይወስዳሉ። እዚህ ላይ «ዕጢ» ብቻ ማለት ያሳስታል፤ በአማርኛ በተፈጥሮ ያለውንም፣ በበሽታ የበቀለውንም ዕጢ እንላለንና። «የሊምፍ ዕጢ» ብለው ይሙሉት። «የሳንባ ነቀርሳ»ንም በካንሰር ቦታ አይጠቀሙ፤ ሰው የሚረዳው ቲቢን ነው።

ሐኪሞች ከሕክምና በኋላ የሚለዩትን ደረጃ ሲጽፉ ቲ (ዋናው ካንሰር)፣ ኤን (የሊምፍ ዕጢዎች)፣ ኤም (ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል መሰራጨት) ከሚሏቸው ፊደላት በፊት ትንሽ «ዋይ» (y) ያስቀድማሉ። እኛ ባዕድ መነሻ እንደምንለው ያለ ምልክት ነው፤ «ይህ ሕክምና ካገኘ በኋላ የታየ ነው» ይላል። መጀመሪያ የተሰጠው ደረጃ አይሰረዝም። ስለዚህ ውጤቱ ጥሩ ቢሆንም «ደረጃዎ ተቀየረ» ከማለት «ሲጀመር ደረጃ 3 ነበር፣ ከሕክምናው በኋላ ይህን ያህል ቀርቷል» ቢሏቸው ይገባቸዋል።