ከስሙ በፊት የተመላሽ ገንዘቡን አንቀጽ አንብቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ በውኃ ምህንድስና ተመርቀሽ ለሁለተኛ ዲግሪ ሁለት ቦታ ተቀባይነት አግኝተሻል፤ አንደኛው በዓለም ከመጀመሪያዎቹ 50 ተርታ የሚቆጠር የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ግማሹን ክፍያ ግን አንቺ ትችያለሽ። ሌላው በዝርዝሩ ከ150 በኋላ የተቀመጠ ሲሆን ሙሉ ወጪሽን ይሸፍናል። «የትኛው የበለጠ ይከበራል?» ብለሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች ሃርቫርድንና ኦክስፎርድን ሲያበላልጡ አመሹ። ያንቺ ጉዳይ ግን ቁርጥ የእኔ ጉዳይ ነው፤ በ2010 ዓ.ም. እዚሁ ባሕር ዳር ተቀምጬ ከስሬበታለሁ።

አንደኛ፣ «የዓለም ደረጃ» የሚባል አንድ ሚዛን የለም፤ ዩኒቨርሲቲዎችን በደረጃ የሚያስቀምጡ የተለያዩ ዝርዝሮች አሉ። በሻንጋይ ዝርዝር ከተጀመረበት ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንደኛው ሃርቫርድ ነው። በኪው ኤስ ዝርዝር ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሜሪካው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኤም አይ ቲ ነው። በታይምስ ሃየር ኤጁኬሽን ዝርዝር ደግሞ ኦክስፎርድ ዓመታት ተቆጥረው ቦታውን አልለቀቀም። ሻንጋይ ከመቶ 30 ነጥብ የሚሰጠው የኖቤል ሽልማት ወይም የሒሳብ ሊቆች የሚሸለሙትን የፊልድስ ሜዳሊያ ላገኙ መምህራንና የቀድሞ ተማሪዎች ነው። ኪው ኤስ ከመቶ 30 የሚሰጠው ምሁራንን «ጥሩ የምትሉት የትኛውን ነው?» ብሎ ጠይቆ ነው፤ ቀድሞማ 40 ነበር። ስለዚህ ስም ያለው ስም ስላለው ብቻ ነጥብ ያገኛል። ለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ በአገሩ ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ ጎን የሚጠራ ነው፤ በሻንጋይ ዝርዝር ግን ከ150 በኋላ ይገኛል፤ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ክፍል የለውማ። ታዲያ የአንድ ፊዚክስ ሊቅ ኖቤል ስለ ጣና ደለል ምን ያስተምርሻል?

ሁለተኛ፣ የምትማሪበትን ክፍል እንጂ የግቢውን በር አትይ። የኔዘርላንዱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ በኪው ኤስ አጠቃላይ ዝርዝር ከ150 በኋላ ነው። በዚያው ኪው ኤስ የግብርናና ደን ዘርፍ ግን ለዓመታት በዓለም አንደኛ ሆኖ ቆይቷል፤ በታይምስ ዝርዝር ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ 100 ውስጥ ነው። እኔ እምቢ ያልኩት ይህንን ነው። ያውም ሙሉ ስኮላርሺፕ ሰጥቶኝ!

እንደ አንቺ አንድ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲም ተቀብሎኝ ነበር፤ መልስ እንድሰጥ አሥር ቀን ነበረኝ። አጎቴ ዝርዝሩን ከስልኩ ላይ እያሳየ «ይኼን ማን ያውቀዋል? የእንግሊዙን ያዝ፣ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ» አለ። አባቴ ዝም አለ። እናቴ የዕቁቧን ዳኛ ለምና ዕጣዋን አስቀድማ አወጣች፤ ብሩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ስትፈታው፣ ኖቶቹ እጥፋታቸው አልዘረጋ ብሎ በእጇ እየዳመጠች አንድ በአንድ ቆጠረችልኝ። በዘጠነኛው ቀን ለዋገኒንገን «አልመጣም» ብዬ ጻፍኩ። ለእንግሊዙ ሁለት ሺህ ፓውንድ ቅድሚያ ከፈልኩ፤ በጊዜው ምንዛሪ ከሰባ ሺህ ብር በላይ ነው።

ቀሪው የትምህርት ክፍያና የመኖሪያው ገንዘብ ለቪዛ ሲባል ለ28 ተከታታይ ቀናት በባንክ መታየት ነበረበት። የአጎቴ መኪና አልተሸጠም፤ ገንዘቡ አንድም ቀን አልታየም። ቅድሚያውን መልሱልኝ ብዬ ስጽፍ፣ የሚመለሰው ቪዛ የተከለከለ ሰው የክልከላውን ደብዳቤ ሲያቀርብ ብቻ መሆኑን በሁለት መስመር አሳወቁኝ። እኔ ደግሞ ለቪዛ አላመለከትኩም። አንቀጹ ከመክፈሌ በፊት በተላከልኝ ወረቀት አራተኛ ገጽ ላይ ነበር፤ አላነበብኩትም።

ሦስተኛ ልልሽ የነበረው ስለ ሰነድ ነው። የትኛውንም ብትመርጪ ትራንስክሪፕትሽ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርትሽ ጋር በፊደል ልክ መግጠሙን ዛሬውኑ እዪ። የእኔ የአባቴ ስም ላይ አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል ተጨምራ ነበር። ሰነዱን የሰጠኝ ቢሮ ስሄድ ሠራተኛዋ ሻይዋን እያማሰለች፣ ቀና ሳትል «የስም ለውጥ ከፍርድ ቤት አምጣ» አለችኝ። ስሜን ማን ቀየረ? ስምንት ቀን ተመላለስኩ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት የመዝገብ ሠራተኛ የድሮውን ፋይል አውጥተው ስህተቱ የጸሐፊው መሆኑን አሳዩዋት። ይቅርታ የሚል ቃል ግን አልወጣትም። የእኚያን ሰው ውለታ እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ስም ዋጋ የለውም እያልኩሽ አይደለም። ለሕግ፣ ለፋይናንስ፣ ለዲፕሎማሲ ሥራ ስሙ በር ይከፍታል፤ ይህን መካድ ውሸት ነው። በእኛ ሙያ ግን ሰው የሚጠይቅሽ የት ወንዝ ላይ ምን እንደለካሽ ነው። የአሜሪካው ኮርኔል፣ ያ ሁሉ ሰው «አይቪ ሊግ» እያለ የሚመኘው፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የተፋሰስ አያያዝ የማስተርስ ትምህርቱን እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ነበር። ተማሪዎቹ የኮርኔልን ዲግሪ የያዙት በባሕር ዳር አቅራቢያ እንዳለው ደብረ ማዊ ባሉ ተፋሰሶች ጭቃ ውስጥ ቆመው ጎርፍ ለክተው ነው። አይቪ ሊግ የሚለው ስም ራሱ የስምንት ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ማኅበር ስም መሆኑን ለአባትሽ ንገሪያቸው።

እኔ በሚቀጥለው ዓመት ለዋገኒንገን እንደገና አመለከትኩ፤ ስኮላርሺፑን አላገኘሁም። በሦስተኛው ዓመት ሰጡኝ። ተምሬ ተመለስኩ፣ ዛሬ ወደ ጣና የሚገባውን የጉማራ ወንዝ ደለል እለካለሁ፤ በሥራዬም እኮራለሁ። የእናቴን ዕቁብ ከፍዬ የጨረስኩት ግን በመጀመሪያ ደመወዜ አይደለም፣ አሥራ አራት ወር ፈጅቶብኛል።

መልስ የምትሰጪበት የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነ አልጻፍሽም። ጻፊልን። ሙሉ ወጪ ለሚሸፍንልሽ ዛሬ ማታ «እመጣለሁ» በዪ። ለእንግሊዙ ሳንቲም ከመክፈልሽ በፊት ደግሞ ተመላሽ ስለሚሆነው ገንዘብ የሚያወራውን አንቀጽ እዚህ ለጥፊው፣ ቃል በቃል አነብልሻለሁ።