የአንባቢያን ጥያቄ፦ የእግረኛ መንገድ እያለ ሰዉ ለምን በአስፋልት ይሄዳል?

ጥያቄ፦ እኛ ጎንደር፣ አራዳ ገበያ በኩል ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለን። በገበያ ቀን ግን ሰዉ ከባጃጅ ጋር እየተጋፋ በአስፋልቱ ነው የሚሄደው። የሥርዓት ጉድለት ነው ወይስ የመንገዱ?

መልስ፦ የመንገዱ ነው። በገበያ ሰዓት ሜትር ይዘው ይውጡና በጣም ጠባቡን ቦታ ይለኩ። ከግድግዳ እስከ ጠርዝ 3 ሜትር ቢሆን እንኳ የሱቁ ደረጃ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ደረጃው ሥር የተዘረጋው ዕቃ 80፣ የመብራት ምሰሶው ከነክፍተቱ 50 ይወስዳል። የሚቀረው 1 ሜትር ከ10 ነው። ማዳበሪያ የተሸከመ ሰውና ልጅ ያዘለች እናት እዚያ ላይ መተላለፍ አይችሉም፤ አንዳቸው የግድ ይወርዳሉ። አንዴ የወረደ ደግሞ በየምሰሶው ሲወጣ ሲወርድ አይውልም፣ በአስፋልቱ ይቀጥላል። ምንም የማይቆምበት ቢያንስ 2 ሜትር ያስፈልጋል፤ ገበያ ዳር ከዚያም በላይ።

ምሰሶ ማዛወር ውድ ነው። የመኪናው መስመር 3 ሜትር ተኩል ከሆነ ጠርዙን ግማሽ ሜትር ወደ አስፋልቱ ማውጣት ይሻላል፤ ለሚኒባስ 3 ሜትር ይበቃዋል። የውኃ መግቢያው አብሮ ካልወጣ ግን ክረምት ሲገባ ጠርዙ ሥር ውኃ ይተኛል።

የቦዩን ክዳን ደግሞ አደራ! ሰው ጉድጓድ ካየበት መንገድ ይሸሻል፤ ማታ መብራት ሲጠፋማ እግር የሚሰበረው እዚያ ነው። ክዳኑ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ከመጠን በላይ ትልቅ ሆኖ ስለሚሠራ ነው። ቦዩን የሚጠርጉ ሰዎች ማንሳት ሲያቅታቸው በዲጂኖ ይሰብሩታል፣ ከዚያ የሚተካው የለም። 60 በ50፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ የኮንክሪት ክዳን 70 ኪሎ ግድም ይመዝናል፤ ሁለት የብረት እጀታ ከተደረገለት ሁለት ሰው ያነሳዋል። መኪና በሚገባበት በር ላይ ግን ወፍራምና ፌሮ የበዛበት ይሁን። እዚያው በር ላይ የእግረኛውን መንገድ ዝቅ አያድርጉት፤ መኪናው ይውጣ ይውረድ። ዊልቸር በሚወጣበት ቦታ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላለው ጠርዝ 1 ሜትር ከ80 የሚረዝም ተዳፋት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ዳገት ነው። የብስክሌት መስመር ትርጉም አለው?

መልስ፦ አለው፤ ሁለቱን አቅጣጫ ግን እኩል አያድርጉት። በ100 ሜትር ከ5 ሜትር በላይ ከፍ የሚል ረጅም ዳገት ላይ አብዛኛው ሰው ወርዶ ይገፋል። እስከዚያ ድረስም ቀስ ብሎ የሚወጣ ብስክሌት ግራና ቀኝ ይዋልላል፤ ስለዚህ የተከለለው 2 ሜትር ለሚወጣው ይሰጠው። የሚወርደው ፍጥነቱ ወደ መኪናው ስለሚጠጋ፣ መኪናው በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ከተደረገ አብሮ መሄድ ይችላል። ቀለም ብቻ አይከልልም፤ ወዲያው የባጃጅ መቆሚያ ይሆናል። ዝቅ ያለ የድንጋይ መከለያ ይሠራለት፣ የዝናብ ውኃ የሚያልፍበት ክፍተት እየተተወለት። የውኃ መግቢያው ፍርግርግ ብረትም ከጉዞው አቅጣጫ አግድም ይገጠም፤ በጉዞው አቅጣጫ ከተገጠመ ጎማ ይሰነቀርበታል።