መስመር ሲቋረጥ አብሮ ስለሚጠፋው ኢንተራክቲቭ ሴሽን

እህታችን፣ ከአዲስ አበባ ሆነው ውጭ አገር ወዳለው የዩኒቨርሲቲዎ ክላስተር (በአንድነት የሚሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች ስብስብ) እየገቡ በስለርም (Slurm፣ ማሽኖቹን በወረፋ በሚያከፋፍለው ሶፍትዌር) ኢንተራክቲቭ ሴሽን (ትእዛዝ እየጻፉ ውጤቱን ወዲያው የሚያዩበት የሥራ ጊዜ) እንደሚጠይቁ፣ አንዳንዴም ግማሽ ቀን ወረፋ ከጠበቁ በኋላ ኢንተርኔቱ ለጥቂት ደቂቃ ሲቋረጥ ሴሽኑም ሥራውም እንደሚጠፋብዎ ጽፈዋል። እኔም ለዶክትሬት ጥናቴ ሁለት ዓመት ያህል በዚሁ መንገድ ስለሠራሁ ያጋጠመኝን ላካፍልዎ።

ሥራ የሚያስጀምረውን የስለርም ትእዛዝ ኤስራንን (srun) ከፒቲዋይ (--pty) አማራጭ ጋር ጽፈው ባሽ (bash፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ፕሮግራም) ሲከፍቱ፣ ሥራው በሚካሄድበት በስሌት ማሽኑ ላይ ያለው ባሽ፣ መጀመሪያ በሚገቡበት በመግቢያው ማሽን ላይ በሚሠራው ኤስራን ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ኤስራን ደግሞ ከላፕቶፕዎ በመጣው የኤስኤስኤች (SSH፣ ከርቀት መግቢያ) መስመር ላይ። መግቢያው ማሽን መስመሩ መበጠሱን ሲረዳ ተርሚናሉን ይዘጋል፣ ኤስራንም አብሮ ይዘጋል፣ ስለርምም ማሽኑን ለቀጣዩ ወረፈኛ ይሰጣል።

መድኃኒቱ ቲመክስ (tmux፣ መስመር ቢበጠስም ተርሚናሉን ክፍት አድርጎ የሚያቆይ ፕሮግራም) ነው፤ ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ በመግቢያው ማሽን ላይ ቲመክስን ይክፈቱ፣ ከዚያም በውስጡ ሆነው ሴሽኑን ይጠይቁ። እኔ ለወራት በተቃራኒው፣ ሴሽኑን ካገኘሁ በኋላ በስሌት ማሽኑ ላይ እከፍተው ነበር፤ ስለርም ሥራውን ሲዘጋ ግን በሥሩ ያለውን ሁሉ፣ ቲመክስንም ጨምሮ፣ ጠርጎ ይወስደዋል። ሌላው ወጥመድ ብዙ ክላስተሮች በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ሦስት መግቢያ ማሽኖች ያሏቸው መሆኑ ነው። ተመልሰው ሲገቡ ወደ ሌላኛው ከተመሩ ቲመክስ ምንም ሴሽን የለም ይልዎታል። አንድ ሌሊት ይህን ሳላስተውል ሥራዬ ጠፋ ብዬ እንደገና ወረፋ ያዝሁ፤ ሲነጋ ሁለት ማሽን በስሜ ተይዞ አገኘሁት። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት ሆስትኔም (hostname፣ ያሉበትን ማሽን ስም የሚያሳይ ትእዛዝ) ብለው የመግቢያውን ማሽን ስም ማስታወሻዎ ላይ ይጻፉ።

በኤስራን ፈንታ ሳሎክን (salloc፣ ማሽን የሚያስይዝ የስለርም ትእዛዝ) የሚጠቀሙ ከሆነም ሆስትኔም ያስፈልግዎታል። እንደ አስተዳዳሪው አወቃቀር፣ ሳሎክ በአንዱ ክላስተር በቀጥታ ወደ ስሌት ማሽኑ ያስገባል፤ በሌላው ግን ማሽኑ ተይዞልዎ እርስዎ አሁንም መግቢያው ላይ ነዎት። እኔ ይህን ሳላረጋግጥ ከባድ የጂኖም ማገጣጠም ሥራ መግቢያው ላይ አስነሥቼ ሌሎች ተጠቃሚዎች ፋይል መዘርዘር እንኳ አቅቷቸው ነበር። አስተዳዳሪው በትሕትና የጻፈልኝ መልእክት እስካሁን ያሳፍረኛል።

የወረፋውን ርዝማኔ በተመለከተ፣ 24 ሰዓትና ሙሉ ማሽን ከመጠየቅ 2 ሰዓት፣ 4 ኮር (የማሽኑ ፕሮሰሰር የስሌት ክፍሎች) እና 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ቢጠይቁ ብዙ ጊዜ ቶሎ ያገኛሉ፤ ስለርም ትልልቆቹ ሥራዎች እስኪጀምሩ ባለው ክፍተት ትንንሾቹን ያስገባልና። የጠየቁት ጊዜ ሲያልቅ ግን ምሕረት የለውም፦ የመዝጊያ ምልክት ይልካል፣ አወቃቀሩ ካልተቀየረ ደግሞ ከ30 ሰከንድ በኋላ በግድ ይዘጋዋል። በአር (R) የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠሩ ከሆነ ኮር የሚቆጥረው ትእዛዝ ዲቴክትኮርስ (detectCores) የማሽኑን ኮሮች በሙሉ እንጂ ለእርስዎ የተፈቀዱትን እንደማይቆጥር ይወቁ፤ 64 ኮር ባለው ማሽን ላይ 64 ሂደት አስነሥተው ሁሉም በ4 ኮር ላይ ቢጋፉ ሥራው ይጓተታል፣ ሜሞሪውም ሊያልቅብዎ ይችላል።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ፣ እንደ እኔ እምነት ስምንት ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ኢንተራክቲቭ ሴሽን ውስጥ ቦታ የለውም። ሴሽኑ ኮድ ለመሞከር፣ ስሕተት ለመፈለግና በትንሽ ዳታ ውጤት ለማየት ነው፤ ቡና እስኪፈላ ባዶውን ቢቀመጥ እንኳ በብዙ ክላስተሮች ከድርሻዎ ይቆጠራል። ሙከራው ሲሳካ ትእዛዞቹን በስክሪፕት (የትእዛዞች ፋይል) ጽፈው በኤስባች (sbatch፣ ሥራውን ያለ እርስዎ ክትትል እንዲሄድ ወረፋ የሚያስገባ ትእዛዝ) ያስገቡት፤ ከዚያ በኋላ መብራት ቢጠፋ ኢንተርኔት ቢቋረጥ ሥራው አይነካም። እየሄደ ሳለ ውስጡን ማየት ቢፈልጉ የሥራውን ቁጥር ለኤስራን ሰጥተው፣ ኦቨርላፕ (--overlap) የሚለውን አማራጭ ጨምረው ባሽ ይክፈቱ። ይህ አማራጭ የመጣው በስለርም 20.11 እትም ነው፤ ካልጨመሩት ኮሮቹ በሌላ ኤስራን ተይዘው ከሆነ ትእዛዙ ዝም ብሎ ይጠብቃል። በዚያ በኩል ገብተው ቶፕን (top፣ እየሄዱ ያሉ ሂደቶችን የሚያሳይ ትእዛዝ) ሲመለከቱ መስመሩ ቢበጠስ የሚዘጋው ያ የመመልከቻ ባሽ ብቻ ነው።