ለምርምሩ ገበሬው ይክፈል ወይ?

በዚህ ወር ከደረሱን የእርሻ ጥያቄዎች ሦስቱ አንድ ጉዳይ ላይ ስለገጠሙ አብረን አቅርበናቸዋል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ጎማ ወረዳ ቡና አምራች ናቸው፤ እኔ ጅማ ከተማ ነው የምሠራው። በቀደም በማኅበራቸው ስብሰባ ላይ አንድ ልጅ ተነስቶ «ኮሎምቢያ የቡና ምርምሩን ወጪ የሚችለው ገበሬው ራሱ ነው፤ እኛስ ከየኪሎው ትንሽ ትንሽ በግዴታ ብናዋጣ ምን አለበት?» ይላል። ስብሰባው ተረበሸ። አባቴ «የልጆቼን ደብተር መግዣ አጥቼ የዶክተር ደመወዝ ልክፈል?» ብለው ጥለው ወጡ። እኔ ደግሞ የልጁ ሐሳብ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። ማን ነው ትክክል? (ልጃቸው፣ ከጅማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጁ ያነሳው ሐሳብ ጥሩ ነው። አባትህ የተቆጡበት ምክንያት ግን ይቀድማል። ስለዚህ ከእሳቸው ልጀምር።

እኔም ገበሬ ቤት ነው ያደግኩት። መዋጮ ስንት ጊዜ በራችንን እንዳንኳኳ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ለትምህርት ቤት ጣሪያ ተዋጣ፣ ለመንገድ ተዋጣ፣ ለምን እንደሆነ ሳይነገረንም ተዋጣ። አባቴ አንድም ቀን እምቢ ሲሉ አላየሁም። ደረሰኙን በላስቲክ ጠቅልለው የግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ይሸጉጡት ነበር። የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ሳይመታ እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ወጣሁ። ገንዘቡ የት ገባ ብሎ የጠየቀ የለም፣ የነገረንም የለም። ይህን ያየ ሰው ሌላ መዋጮ መጣ ሲባል ብድግ ብሎ ቢወጣ አልፈርድበትም።

አሁን ወደ ልጁ ሐሳብ። አባትህ ማሳ ስትሄድ ችግኙን ከየት እንዳገኙት ጠይቃቸው። 74110 ወይም 74112 የሚባል ዝርያ ከመካከሉ ቢኖር አይገርመኝም። ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1971 ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ ታየ። ፍሬው ገና አረንጓዴ እያለ ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ይረግፋል። ዛፉ ቆሟል፤ የሚለቀም ግን የለም። የምርምር ሰዎች በየጫካውና በየገበሬው ማሳ እየዞሩ፣ በታመሙት መሃል ጤነኛ ሆኖ የቆመውን ዛፍ እየፈለጉ፣ ፍሬ እየለቀሙ፣ ሆን ብለው በሽታውን እያስያዙ የትኛው እንደሚችለው ፈተኑ። ከቁጥሩ ፊት ያለው 74 የተመረጠበት ዓመት ነው፣ 1974። ሁለቱም ዝርያዎች ከኢሉባቦር በኩል የተገኙ ናቸው። ወጪውን የሸፈኑት መንግሥትና የውጭ ድጋፍ ነበሩ። ከገበሬው ኪስ ለዚያ ተብሎ የተቆረጠ ነገር የለም።

ይህን ሥራ ነጋዴ ለምን አልሠራውም? ስለማያዋጣው ነዋ። ጥሩ የቡና ዘር አንዴ ከወጣ ጎረቤት ለጎረቤት ይሰጣል፣ አማች ለአማች ይልካል፣ ከዚያ በኋላ ማንም ተመልሶ አይገዛም። ድቅል በቆሎ ላይ ኩባንያዎች የሚረባረቡት ገበሬው በየዓመቱ አዲስ ዘር መግዛት ስላለበት ነው። ቡና፣ ጤፍ፣ ስንዴ እንደዚያ አይደሉም። በፈቃደኝነት እናዋጣ ቢባልም ያው ነው፤ የከፈለውም ያልከፈለውም እኩል ችግኙን ስለሚያገኝ ሁሉም ጎረቤቱ እስኪከፍል ይጠብቃል። ግዴታ የሚለው ቃል የሚመጣው ከዚህ ነው። እድርን አስበው። እድር ውስጥ ካልከፈልክ ትቀጣለህ፣ ከቀረህም ትቀጣለህ። ግን ማንም እድርን ግብር ብሎ አይጠራውም፤ ምክንያቱም ዳኛውን የመረጥነው እኛ ነን፣ ሒሳቡ ፊታችን ይነበባል፣ ለቅሶ ሲደርስ ድንኳኑ ይመጣል።

ኮሎምቢያዎቹ ያደረጉት ወደዚህ ይጠጋል። የቡና አምራቾች ፌዴሬሽናቸው በ1927 ተቋቋመ፣ ሴኒካፌ የሚባለው የምርምር ማዕከላቸው ደግሞ በ1938። ወደ ውጭ ከሚላከው ቡና ከእያንዳንዱ ፓውንድ 6 የአሜሪካ ሳንቲም ይቆረጥና በቡና ፈንዱ ውስጥ ይገባል። ምርምሩን የያዘው ያ ገንዘብ ነው። እኔን የሚደንቀኝ ግን ገንዘቡ የገዛላቸው ጊዜ ነው። የቡና ቅጠል ዋግ የሚባለው በሽታ ብራዚል የገባው በ1970 ነው። ኮሎምቢያ ገና አልደረሰም። እነሱ ግን ከዚያም ቀደም ብለው ዋግ የሚቋቋም ዝርያ ማዳቀል ጀምረው ነበር፤ «ኮሎምቢያ» ያሉትን ዝርያ በ1982 አወጡ። ዋጉ አገራቸው የገባው በ1983 ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ ነው! እንዲህ ያለ ሥራ በሦስት ዓመት ፕሮጀክት አይሠራም፤ የቡና ዛፍ ለመጀመሪያ ፍሬው ብቻ ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል። ለጋሽ ሲሰለች የማይቆም ገንዘብ ያስፈልጋል።

ከዚያም አላቆሙም። በ2005 ካስቲዮ የሚባለውን ዝርያ ጨመሩ። ከ2008 ጀምሮ ዝናቡ ሲበዛ ዋጉ ተነሳና የድሮውን ዝርያ የያዙትን ገበሬዎች መታ። የአገሪቱ ምርት ከ12 ሚሊዮን ኬሻ በላይ የነበረው ከ8 ሚሊዮን በታች ወረደ። ገበሬው ዛፉን ነቅሎ የሚቋቋመውን ተከለ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ምርቱ 14 ሚሊዮን ኬሻ አለፈ። የሚተከለው ዝርያ ተዘጋጅቶ ባይጠብቅ ኖሮ ነቅለው ምን ይተክሉ ነበር?

ይህን ሁሉ ብዬ ግን ኮሎምቢያን እንዳለ ቅዱ አልልም። 6 ሳንቲም ቁርጥ ያለ ነው። ዋጋ ሲወደድ አይሰማም፤ ዋጋ ሲወድቅ ገበሬውን ያንቀዋል። በ2013 ዋጋው ወድቆ የቡና ገበሬዎቹ መንገድ ዘግተው አድማ መትተዋል። ከፈንዱም ምርምር ብቻ አይደለም የሚከፈለው፣ ሌላም ብዙ ነገር አለበት። ስለዚህ ለእኛ ቢሆን ከዋጋው በመቶኛ ነው መሆን ያለበት፣ ለምርምር ብቻ። ለምሳሌ አባትህ ኪሎውን በ100 ብር ቢሸጡና መዋጮው ግማሽ በመቶ ቢሆን 50 ሳንቲም ማለት ነው፤ 1000 ኪሎ ቢሸጡ 500 ብር። ቀላል ገንዘብ አይደለም። ለዚህ ነው ዝም ብሎ ይቆረጥ የማልለው።

የእኔ አቋም ይሄውልህ። ቡና ላይ አዎ፣ ገበሬው ይክፈል፤ በገንዘቡ የሚያዝበት ራሱ ከሆነ ብቻ። ገንዘቡ ከመንግሥት ካዝና ጋር ሳይቀላቀል በራሱ ሒሳብ ይቀመጥ። ምን ይመርመር የሚለውን ከየመሠረታዊ ማኅበሩ የተመረጡ ገበሬዎች ይወስኑ። በየጥቂት ዓመቱ ይቀጥል ወይስ ይቅር ተብሎ ድምፅ ይሰጥበት። ይሄ ሕልም አይደለም፣ የሚያደርጉት አሉ። አውስትራሊያ የበግ ሱፍ አምራቾች በ2018 ድምፅ ሰጥተው መዋጯቸውን ከ2 በመቶ ወደ 1.5 በመቶ አወረዱት። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ በ2021 የድንች አምራቾች ለግዴታ መዋጮው ይቅርብን ብለው ድምፅ ሰጡ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል እምቢ አሉ። አትክልትና ፍራፍሬ አምራቾችም ከ10 ስድስቱ እንደዚያው። መዋጮው ቆመ። የድንች ማከማቻ ምርምር ይሠራበት የነበረው ሳተን ብሪጅ የሚባለው ጣቢያም ተዘጋ። እኔ በበኩሌ በጣቢያው መዘጋት አዝናለሁ፤ ድንች ሳይበሰብስ ማቆየትን የመሰለ ነገር የሁሉም ችግር ነው። ግን ያን ያህል ሰው ጥቅሙ አልታየኝም ካለ ችግሩ መዋጮ ሰብሳቢው ጋ ነበር፣ ገበሬውም እምቢ ለማለት መብቱ ነበረው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከሁሉ የምፈራው እሱን ነው። ገበሬው መክፈል ሲጀምር መንግሥት በጀቱን ቀነስ ያደርጋል። ያኔ ምርምሩ አልጨመረም፣ ከፋዩ ብቻ ተቀየረ። አውስትራሊያ የእህል አምራቾች ከሽያጫቸው 1 በመቶ ገደማ ሲከፍሉ መንግሥት ደግሞ ከምርቱ ጠቅላላ ዋጋ እስከ 0.5 በመቶ ይጨምርበታል፤ በሕግ የተጻፈ ነው። እኛም ጋ አስቀድሞ መጻፍ ያለበት ይሄ ነው። አባትህ ወደ ስብሰባው ይመለሱ። ደመወዙን ልክፈል ወይ ያሉትን ጥያቄ ደግመው ይጠይቁ፤ «ከከፈልኩ ቀጣሪው ማን ነው?» የሚለውን ግን ይጨምሩበት።

ጥያቄ፦ እኔ አድአ ነው የማርሰው፣ ጤፍና ስንዴ። ባለቤቴ ካረፉ ወዲህ ልጆቹን ይዤ ራሴ ነኝ የማሠራው። ቡና ላይ መዋጮ ከተጀመረ ነገ እኛም ጋ መምጣቱ አይቀርም። እኛስ መክፈል ይገባናል? (እናት አርሶ አደር፣ ከቢሾፍቱ አካባቢ)

መልስ፦ አይገባም እናቴ። በዚህ ላይ ጥርጣሬ የለኝም።

ምክንያቱን ልንገርዎት። ቡናው የሚሸጠው ለውጭ ገበያ ነው። ጎማ ላይ ምርት ቢጨምር የዓለም ዋጋ በዚያ ብዙም አይነቃነቅም፤ ትርፉ አምራቹ ጋ ይቀራል። ጤፍ ግን የሚበላው እዚሁ ነው። እርስዎ ሰፈር ያለው የደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል በ2006 ቁንጮ የሚባለውን የጤፍ ዝርያ አወጣ፤ ነጭ ነው፣ ምርቱም ጥሩ ነው፣ ብዙ ገበሬ ወዶታል። እንዲህ ያለ ዘር በየቦታው ሲዳረስና ጤፍ ገበያ ላይ ሲትረፈረፍ ዋጋው ይረጋጋል። ያን ጊዜ ዋናው ተጠቃሚ አዲስ አበባ እንጀራ የሚገዛው ሰው ነው፣ እኔም ጭምር። ስለዚህ የጤፍ ምርምርን ወጪ እኛ በላተኞቹ በግብራችን መክፈል አለብን። እርስዎ ማሳዎን ለሙከራ ሲሰጡ፣ ዘሩን ዘርተው የቱ እንደበጀ ሲናገሩ ድርሻዎን ከፍለዋል።

ደግሞም ከየት ላይ ይቆረጣል? ቡና ወደ ውጭ ሲወጣ የሚያልፍበት በር ጠባብ ነው። ጤፍ ግማሹ ቤት ይበላል፣ ሌላው በአህያ ተጭኖ ለገበያ ይወጣል፣ ጥቂቱ ለዘር ይቀመጣል። በየገበያው ሰው አቁሞ ከየቁናው መሰብሰብ የድሮውን የአስራት ዘመን መመለስ ነው።

ስንዴውንም አልረሳሁትም። ዲገሉ የሚባለውን የስንዴ ዝርያ ያስታውሱ ይሆናል። በ2010 ቢጫ ዋግ ስንዴውን ሲፈጀው እሱ ቻለው፣ ገበሬውም ወደ እሱ ዞረ። በ2013 ደግሞ ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ መጥቶ አርሲና ባሌ ላይ ያንኑ ዲገሉን አጠፋው። በሽታው መልኩን ስለሚቀያይር ምርምሩ አንድ ዓመት እንኳን ማረፍ አይችልም። የአገር ዳቦ የተንጠለጠለበት ሥራ ለመንግሥት የበጀት ርዕስ እንጂ ለአንዲት እናት ኩንታል የሚተው አይደለም።

ጥያቄ፦ እኔ ቡና አቅራቢ ነኝ። ይህን ያህል ማወዛገብ ለምን አስፈለገ? ገበሬውን ሳይነኩ ከላኪው መቁረጥ ነው። (አቅራቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እርስዎ ገበያው ውስጥ ስላሉ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ላኪው ዋጋውን አይወስንም፤ የኒው ዮርክ ገበያ ነው የሚወስነው። ገዢውን «መዋጮ ተጥሎብኛልና ጨምርልኝ» ማለት አይችልም። ታዲያ ምን ያደርጋል? ከእርስዎ ሲገዛ ያችን ይቀንሳል። እርስዎም ከሰብሳቢው ላይ ይቀንሳሉ፣ ሰብሳቢው ከገበሬው ላይ። መጨረሻ ላይ ጀንፈሉን ይዞ የቆመው ሰው ይከፍላታል፣ ያውም ሳያውቀው።

ሳያውቀው የሚለው ነው የሚያሳስበኝ። ገንዘቡ ላኪው ጋ መሰብሰቡ ለአሠራር ይቀላል፣ በዚያ እስማማለሁ። አገር ውስጥ የሚጠጣው ቡና ከመዋጮው ማምለጡ እንኳ ይቅር። ነገር ግን የተቆረጠችው ነገር ገበሬው እጅ ላይ በሚደርሰው ደረሰኝ ላይ በብርና በሳንቲም ትጻፍ። ይህን ያህል ለምርምር ተብሎ፣ በሚገባው ቋንቋ። በማኅበር በኩል ሲሸጥ ይሄ ይቻላል፤ ማኅበሩ ደረሰኝ ይቆርጣል። በሰብሳቢ በኩል ሲሆን ይከብዳል፣ ምክንያቱም መንገድ ዳር በሚዛን የሚገዛ ሰው ወረቀት አይሰጥም። እዚያ ላይ እርስዎና ጓደኞችዎ ልትረዱ ትችላላችሁ። ከእጃችሁ የሚገዙት ሰብሳቢዎች ደረሰኝ ይዘው እንዲወጡ አድርጉ፤ ከዚያ ስለ መዋጮው እንነጋገራለን።